የናፍጣ ቱርቦ በደጋ፦ ግፊቱን ከመጨመር አስቀድሞ መቆጣጠር

ባለ ቱርቦ፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው፣ የናፍጣ መኪና የሚነዱ ብዙ ሰዎች ወደ ጋራዥ ይዘው የሚመጡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ወይም በዳገት መሃል ማርሽ ሲቀየርለት ኃይል ያጣል፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በድንገት ይነቃና ወደ ፊት ይወረወራል። ለዚህ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀይሮ የቱርቦውን ግፊት መጨመር ነው። እኔ ግን ነገሩ በአብዛኛው የግፊት ማነስ ሳይሆን የግፊት ቁጥጥር ጉዳይ ነው እላለሁ። ኮምፒውተሩ ያዘዘው ግፊት በታዘዘበት ጊዜና መጠን ካልተገኘ፣ ትእዛዙን ከፍ ማድረግ ጉድለቱን ከማጉላት በቀር የሚፈይደው የለም። ይህ በየትኛውም አገር እውነት ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን የቱርቦውን ዕድሜ እስከ መወሰን ይደርሳል።

የቤንዚን ሞተር የሚገራው የሚገባውን አየር በመክፈትና በማነቅ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን በመሠረቱ የሚያገኘውን አየር ሁሉ ይስባል፤ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚጨምረው የሚረጨው ናፍጣ ነው። 1 ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በስሌት 14.5 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ናፍጣው በሲሊንደሩ ውስጥ ከአየሩ ጋር ለመደባለቅ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ ከዚህ መጠን 20 ወይም 30 በመቶ የሚበልጥ አየር ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ቱርቦው በራሱ ኃይል አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ተጨማሪ ናፍጣ በደንብ የሚቃጠልበትን አየር ማቅረብ ነው። ነዳጅ ሳይጨምሩ ግፊት መጨመር ብዙም ኃይል አያስገኝም፤ አየር ሳይጨምሩ ነዳጅ መጨመር ደግሞ ትርፉ ጭስና ሙቀት ነው።

ስለ ግፊት ሲነገር አለካኩን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ክርክር የሚነሣው ሁለት ሰዎች በሁለት ዓይነት መለኪያ ስለሚነጋገሩ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም የቱርቦ ጌጅ ዜሮ የሚለው በዙሪያው ያለውን አየር ግፊት ነው፤ የሚያሳየውም ከዚያ በላይ ያለውን ጭማሪ ብቻ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን በአብዛኛው የሚሠራው በጠቅላላ ግፊት ነው፤ ይኸውም የከባቢ አየሩ ግፊትና ቱርቦው የጨመረው ተደምረው የሚገኘው መጠን ነው። በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በአዳማ ወደ 83፣ በአዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል። የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ እንደ ላንድክሩዘሩ 1ኤች ዜድ ያለው፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ሩብ ያህል ይጎድልበታል፤ ኃይሉም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል።

ይህን ጉድለት መሙላት ቱርቦ ከተፈተነባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ አንድ ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ በአሜሪካ ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አወጣው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በዚያ ቀጭን አየር ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን ወደ 356 ተመለሰ። ዛሬ በእንጦጦ ዳገት ባለ ቱርቦው ፒክአፕ ቱርቦ የሌለውን ጥሎት የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ቱርቦው ጉድለቱን ሲሞላ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፤ የዚህ ተጨማሪ ሥራ መጠን ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ኮምፒውተሩ 240 ኪሎፓስካል ጠቅላላ ግፊት አዘዘ እንበል። በጅቡቲ ቱርቦው የሳበውን አየር ግፊት 2.4 ጊዜ ያህል ማሳደግ ይበቃዋል፤ ጌጁም 1.4 ባር ገደማ ያሳያል (1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው)። በአዲስ አበባ ያንኑ 240 ለማግኘት 3.2 ጊዜ ያህል ማሳደግ አለበት፤ ጌጁ 1.6 ባር ያልፋል። አየር ሲታመቅ ስለሚሞቅ፣ የ20 ዲግሪ አየር ገብቶ የኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም አየሩን የሚያምቀው የቱርቦው ክፍል፣ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሁኔታ አየሩ ከቱርቦው የሚወጣው 135 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሲሆን በሁለተኛው 180 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሙቀት ማውረድ የኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የታመቀውን አየር የሚያበርደው ራዲያተር፣ ሸክም ነው። ከሙቀቱም ይልቅ የሚያሳስበው የቱርቦው ዘንግ ፍጥነት ነው። የትናንሽ መኪኖች ቱርቦ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የግፊቱ ጥምርታ ባደገ ቁጥርም ፍጥነቱ ያድጋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ግን ይህን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር የለም።

አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ኮምፒውተሩ የከባቢ አየሩን ግፊት እያነበበ፣ መኪናው ወደ ደጋ ሲወጣ የሚያዘውን የቱርቦ ግፊት እንዲቀንስ አድርገው ይሠሩታል። ፕሮግራም በሚቀየርበት ጊዜ በቸልታ የሚሰረዘው ወይም ሳይታይ የሚታለፈው ይኸው የከፍታ ገደብ ነው። ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተሰናዳ ፋይል ያለ ማስተካከያ በአዲስ አበባ መኪና ላይ ሲጫን፣ መኪናው ለጥቂት ወራት ደስ የሚል ጉልበት ያሳይ ይሆናል፤ ቱርቦው ግን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እየተሽከረከረ ይቆይና ኩሽኔታው ይላላል ወይም ዘንጉ ይሰበራል። በእኔ አስተያየት በደጋ የሚኖር ሰው ፕሮግራም ለሚቀይርለት ባለሙያ ሊያቀርበው የሚገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት ትጨምራለህ?» ሳይሆን «የከፍታውን ገደብ ምን አደረግኸው?» የሚል ነው።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ እንምጣ። በዘመናዊ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የሚገኘው ቱርቦ ብዙውን ጊዜ በተርባይኑ፣ ማለትም የሞተሩ ጭስ በሚያሽከረክረው የቱርቦው ክፍል፣ ዙሪያ የተደረደሩ ተንቀሳቃሽ ክንፎች አሉት። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር የሚወጣው ጭስ ጥቂት ስለሆነ ክንፎቹ ይጠባሉ፤ የውኃ ጎማን አፍ በአውራ ጣት ስንደፍን ውኃው ፈጥኖ እንደሚወረወር ሁሉ፣ ጭሱም ፈጥኖ ተርባይኑን ይመታል። ሞተሩ ሲፈጥን ክንፎቹ ይከፈታሉ። በሃይሉክስና በፕራዶ በምናውቀው ባለ 3 ሊትሩ የቶዮታ 1ኬዲ ሞተር ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በብዙ የቆዩ የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች ላይ ግን ሥራው የቫኪዩም ነው፤ ከቫኪዩም ፖምፓው የሚመጣው ስበት በአንድ የኤሌክትሪክ ቫልቮላ እየተመጠነ የክንፎቹን ዘንግ ይስባል፤ ስበቱ ሲኖር ክንፎቹ ይጠባሉ፣ ሲጠፋ ይከፈታሉ።

በቫኪዩም የሚሠራው ዓይነት በደጋ የሚገጥመው ችግር አለ፤ ብዙ መካኒኮችም አይጠረጥሩትም። ቫኪዩም የሚባለው ኃይል ከከባቢ አየር ግፊት ጋር ያለው ልዩነት ነው። በጅቡቲ ጥሩ ፖምፓ 90 ኪሎፓስካል ያህል ልዩነት ሊፈጥር ይችላል፤ በአዲስ አበባ ግን አየሩ ራሱ 76 ብቻ ስለሆነ ያው ፖምፓ የሚፈጥረው ልዩነት 65 አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ስበቱን በሚያደርሰው ቀጭን ጎማ (ቱቦ) ላይ ያለ፣ በቆላ የማይታወቅ ስንጥቅ በደጋ ክንፎቹ በሚገባ እንዳይጠቡ ያደርጋል፤ መኪናውም ሲነሣ ይደክማል። የእነዚህን ቀጫጭን ጎማዎች ስብስብ በአዲስ መተካት ብዙ ወጪ የሌለው ሲሆን፣ የመኪናውን ምላሽ በሚታይ መልክ ሊለውጠው ይችላል።

ኮምፒውተሩ ክንፎቹን የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። መጀመሪያ በውስጡ ከተጻፈ ሰንጠረዥ፣ ለዚህ የሞተር ዙርና ለዚህ የነዳጅ መጠን ክንፎቹ እዚህ ላይ ይሁኑ የሚል መነሻ ትእዛዝ ይወስዳል። ከዚያም በሴንሰር ያነበበውን ግፊት ካዘዘው ጋር እያነጻጸረ ያርማል። እርማቱ የአሁኑን ልዩነት ያያል፤ ልዩነቱ ሳይዘጋ ሲቆይም እየተጠራቀመ ይጨምራል፤ ግፊቱ በፍጥነት እየወጣ መሆኑን ሲያይ ደግሞ አስቀድሞ ይለዝባል። ጥሩ ማስተካከያ ማለት የመነሻው ትእዛዝ ወደ እውነቱ በጣም የቀረበ ሆኖ እርማቱ ጥቂት ሥራ ብቻ የሚቀረው ሲሆን ነው። መነሻው ከራቀና ሁሉ ነገር በእርማት ላይ ከወደቀ፣ ግፊቱ ዘግይቶ ይመጣና ከታዘዘው አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያም እየወረደና እየወጣ ይዋዥቃል፤ ነጂውም መኪናው ሲንገጫገጭ ይሰማዋል።

በጥላሸት የተያዙ ክንፎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ክንፎቹ ተከፍተው ሲጣበቁ ግፊቱ ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩም እርማቱን እያጠራቀመ ይጠብቃል። ክንፎቹ በድንገት ሲላቀቁ የተጠራቀመው እርማት በሙሉ ይወርድባቸዋል፤ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ስለዚህ አንድ መኪና ላይ የግፊት ማነስን የሚያመለክተው የስህተት ኮድ ፒ 0299 እና የግፊት መብዛትን የሚያመለክተው ፒ 0234 ተከታትለው ሊወጡ ይችላሉ። ሁለቱን እንደ ሁለት በሽታ ቆጥሮ አንድ በአንድ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያባክናል።

ምላሹ የሚዘገይበት ሌላ ምክንያት በደጋ ይበልጥ የሚከብድ ዑደት ነው። ቱርቦው ገና ባልነቃበት ጊዜ ሞተሩ የሚስበው የደጋውን ቀጭን አየር ነው። ኮምፒውተሩ ጭስ እንዳይበዛ ሲል አየሩ አነስተኛ ሲሆን ነዳጁንም ይገድባል፤ ነዳጁ ሲያንስ የሚወጣው ጭስ ሙቀትና ጉልበት ያንሰዋል፤ ተርባይኑ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ አየሩም አነስተኛ እንደ ሆነ ይቆያል። ከ1,800 ዙር በታች የሚሰማው ድካም በአዲስ አበባ ከቆላው የሚብሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎች ይህን ዑደት የሚሰብሩት የጭሱን ገደብ በማላላት ነው። በርግጥ መኪናው ፈጥኖ ይነሣል፤ ከኋላው ያለው እግረኛ ግን ጥቁር ጭሱን ይተነፍሳል፣ ክንፎቹም በዚያው ጥላሸት ቶሎ ይያዛሉ። ትክክለኛው መንገድ አየር የሚያፈስበትን ቦታ ሁሉ መድፈን፣ ከዚያም ክንፎቹ በዝቅተኛ ዙር የሚጠቡበትን መጠን ማስተካከል ነው። እዚህም ላይ ልክ አለው፤ ክንፎቹ ከሚገባው በላይ ሲጠቡ ጭሱ መውጫ ያጣና ሞተሩ ራሱን ይታገላል፤ ምላሹም ከመፍጠን ይልቅ ይዘገያል። የክንፎቹን መጨረሻ የሚወስነውን ብሎን በግምት ማዞር የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ያ ልክ በፋብሪካ ወይም በቱርቦ ጠጋኝ ዘንድ በአየር ፍሰት መለኪያ የተወሰነ ነው።

ማንኛውም ማስተካከያ ከመጀመሩ በፊት መለካት ይቀድማል። የመጀመሪያው ልኬት ከደቂቃ አያልፍም፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ በስካነር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን መረጃ በሚያነብ መሣሪያ፣ የግፊቱን ሴንሰር ማንበብ ነው። ሞተሩ ስላልተነሣ ሴንሰሩ የሚያነበው የከባቢውን አየር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ኪሎፓስካል ማሳየት አለበት። 90 ወይም 100 ካሳየ ሴንሰሩ ይዋሻል፤ በዚህ ውሸት ላይ የተመሠረተ ማስተካከያ ሁሉ ይሳሳታል። ቀጥሎ መኪናው ከሞቀ በኋላ፣ ትራፊክ በሌለበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ በ3ኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ረግጦ እስከ 3,800 ዙር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ አብሮ የተቀመጠ ሰው የታዘዘውን ግፊት፣ የተገኘውን ግፊት፣ ለክንፎቹ የተሰጠውን ትእዛዝ፣ የአየሩን መጠንና የነዳጁን መጠን በስካነሩ ይመዘግባል። ነጂው ብቻውን ሆኖ ስክሪን እያየ ይህን መሞከር የለበትም።

ከዚህ መዝገብ የሚነበበው ብዙ ነው። ክንፎቹ እስከ መጨረሻው እንዲጠቡ ታዝዘው ግፊቱ ግን ቀስ ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ አየር የሚያፈስ ማኒኮቶ፣ የተሰነጠቀ ኢንተርኩለር፣ ከተርባይኑ በፊት ጭስ የሚያሳልፍ የኮሌቶር ጓርኒሲዮን ወይም በደንብ የማይዘጋ የጭስ መመለሻ፣ ማለትም ኢጂአር፣ ሊኖር ይችላል። ግፊቱ በዝቅተኛ ዙር ደህና ሆኖ ከ3,000 ዙር በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም የታፈነ ማርሚታ መጠርጠር ይገባል። ግፊቱ የሚዋዥቅ ከሆነ የክንፎቹ ዘንግ መገጣጠሚያ መላላቱን በእጅ ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ፕሮግራሙ እርማት መሄድ ነው።

የአየር መፍሰስን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የቱርቦውን የአየር መግቢያ በልኩ በተሠራ ክዳን ደፍኖ፣ ግፊቱ በመቆጣጠሪያ ከ1 ባር እንዳይበልጥ ተደርጎ ከጎሚስታው ዓይነት ኮምፕሬሰር አየር ማስገባትና መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ መቀባት ነው። ክዳኑ ተፈናጥሮ ሊጎዳ ስለሚችል ፊትን ከፊቱ ማራቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ፕሮግራም የመቀየርን ያህል የሚያስደንቅ አይመስልም፤ ሆኖም የሚያፈስ መኪና የታዘዘለትን ግፊት ለማሟላት ቱርቦውን ከሚገባው በላይ ስለሚያሽከረክር፣ በደጋ ከሁሉም አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ከተስተካከሉ በኋላ ፕሮግራም መቀየር ትርጉም ይኖረዋል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ መነካት ያለበት የመነሻው ትእዛዝ ሰንጠረዥ ነው፤ ግፊቱ በታዘዘው መስመር ላይ ሳይዘገይና ሳያልፍ እስኪቀመጥ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እየተለወጠ፣ በየለውጡ ያው ዳገት ላይ ያው ልኬት ይደገማል። የግፊቱ ትእዛዝ ከፍ ሊደረግ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ነዳጁም ከአየሩ ጋር ተመጣጥኖ ይጨመራል። ከተርባይኑ በፊት የጭሱን ሙቀት የሚለካ ጌጅ መግጠም በጣም ይጠቅማል፤ በረጅም ዳገት ላይ ሙቀቱ 750 ዲግሪን አልፎ የሚቆይ ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። ከ2,000 ዙር በታች ከፍተኛ ግፊትና ብዙ ነዳጅ ማብዛትም ሌላ ዋጋ አለው፤ በዚያ ዙር የሚፈጠረው ጉልበት ፒስተኖቹን፣ ፍሪስዮኑንና ካምቢዮውን ይፈትናል። የሚንሸራተት ፍሪስዮን ያለው መኪና ለዚህ ዓይነት ማስተካከያ አልደረሰም።

በፔዳሉ ሽቦ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን ምላሹን ያፈጥናል ተብሎ ይሸጣል። ሣጥኑ የሚያደርገው ነጂው ፔዳሉን በግማሽ ሲረግጥ ሙሉ እንደ ረገጠ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው፤ የቱርቦውን ግፊት በአንድ ሰከንድ እንኳ አያፈጥነውም። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሣጥን ያለውና የሌለው መኪና እኩል ናቸው።

በአዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና ወደ ቆላ ወርዶም መፈተን አለበት። አዋሽ አካባቢ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ወደ 90 ኪሎፓስካል ይጠጋል። የከፍታ ገደቡ በአግባቡ ከተተወ ኮምፒውተሩ እዚያ ከፍ ያለ ጠቅላላ ግፊት ያዛል፤ አየሩ ወፍራም ስለሆነም ቱርቦው በቀላሉ ይደርስበታል። በደጋው ቀጭን አየር ልክ ብቻ የተጻፈ የመነሻ ሰንጠረዥ ግን እዚህ ክንፎቹን ከሚገባው በላይ ስለሚያጠብ፣ ግፊቱ ከትእዛዙ አልፎ ይሄድና ኮምፒውተሩ ኃይሉን ሊቆርጥ ይችላል። በተጨማሪም የቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ኢንተርኩለሩ አየሩን እንደ ደጋው አያበርደውም፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ የተወሰደው ልኬት በ3ኛ ማርሽ በአዋሽ መንገድ ሲደገም፣ ከግፊቱ ጎን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀትና የራዲያተሩን ውኃ ሙቀት አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።